ግራንድ ካንየንን በጎማ ጀልባ ለመውረድ፦ ከቤት እስከ ወንዙ ዳር የሚደረግ ዝግጅት

ላስ ቬጋስ የምንኖር ሐበሾች ግራንድ ካንየንን እናውቀዋለን። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ይዘን እንሄዳለን። ገደሉ አፍ ላይ ቆመን ፎቶ እንነሳና ማታ ቤታችን ነን። ከእግራችን ሥር፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚታየውን ቀጭን ክር ግን ብዙም ልብ አንለውም። ያ ክር የኮሎራዶ ወንዝ ነው። ሰው በጎማ ጀልባ ይወርደዋል። ቀን ከሞገዱ ጋር እየታገለ፣ ሌሊት አሸዋው ላይ እያደረ፣ ለቀናት።

እኔ ሁለት ጊዜ ወርጄዋለሁ። ልሄድ ነው ስላት እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያደግነው ወንዝ ሞልቶ ሰው ወሰደ ሲባል እየሰማን ነው። ከመካከላችን ዋና የሚችለውም ብዙ አይደለም። ስለዚህ ብዙ ወዳጆቼ «ይሄ ነገር ለኛ አይሆንም» ይላሉ። እኔ ግን ይሆናል እላለሁ፤ ዝግጅቱ ቀድሞ ከተሠራ። የመጀመሪያው ጊዜ እንደነገሩ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ለሁለተኛው ስድስት ወር ተዘጋጀሁ። እንደዚያ ሳምንት የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጀልባውን የሚመራው ጋይዱ ነው። ወንዙን የሚያነበው፣ ምግቡን የሚሠራው፣ ሰው ቢጎዳ የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጠው እሱ ነው። ለእናንተ የሚቀሩት ሰውነታችሁ፣ ሻንጣችሁ፣ እና ውሃ ውስጥ ብትወድቁ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ይህ መመሪያ ስለ እነሱ ነው።

ጉዞውን መምረጥ፦ ከአንድ ዓመት በፊት

በካንየኑ ውስጥ እንግዳ ይዞ የሚወርድ ድርጅት ሁሉ ከአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ዝርዝራቸው የፓርኩ ድረ ገጽ ላይ አለ። ከዚያ ውጭ አትፈልጉ። ቦታው ቀድሞ ስለሚያልቅ ለሚቀጥለው ዓመት ዘንድሮ መያዝ የተለመደ ነው። አንድ ሰው በዓመት ከአንድ በላይ የመዝናኛ ጉዞ እንዲወርድም አይፈቀድም። ስለዚህ ዕድላችሁን ባልሆነ ወር አታባክኑት።

ጉዞው የሚጀምረው ሊስ ፌሪ ከሚባል ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ዳይመንድ ክሪክ 226 ማይል፣ 363 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሐል የመኪና መንገድ የለም፣ ሱቅ የለም፣ የስልክ ኔትወርክ የለም። ጋይዶቹ የሳተላይት ስልክ ይይዛሉ፤ እሱም ለድንገተኛ አደጋ ነው።

ሞተር ያለው ትልቅ ጀልባ ከአሥር ሜትር በላይ ይረዝማል። ብዙ ሰው ይይዛል፣ መንገዱን በሳምንት ገደማ ይጨርሳል፣ ብዙም አያንገላታም። ሞተር የሚፈቀደው ግን ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ብቻ ነው። ጋይዱ ብቻውን በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያዎች የሚነዳው ጀልባ አለ፤ አራት አምስት ሰው ይጭናል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሦስተኛው እናንተም እየቀዘፋችሁ የምትሄዱበት ትንሽ ጀልባ ነው፤ እሱ ጉልበትም ድፍረትም ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች ካሉበት፣ ሞተሩን እመክራለሁ። ጊዜ ላለው ሰው ደግሞ ጋይዱ በክንዱ የሚቀዝፈውን የሚያህል የለም። ሞተር ስለሌለው ገደሉ ላይ የምትዘምረው ወፍ ሳትቀር ትሰማለች።

ግማሽ መንገድ ብቻ መውረድም ይቻላል። መቀያየሪያው ካንየኑ ግርጌ ባለው ፋንተም ራንች በሚባል ማረፊያ አካባቢ፣ ማይል 88 ላይ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የላይኛውን ግማሽ ከመረጣችሁ ጉዟችሁ ሲያልቅ በብራይት ኤንጀል መንገድ በእግራችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። የታችኛውን ከመረጣችሁ በእግር ወርዳችሁ ትጀምራላችሁ። መንገዱ እንደ መነሻው ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይጠጋል። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግራችሁ ወጥታችሁ ከሆነ፣ እሱን ከእጥፍ በላይ አድርጋችሁ አስቡት። ያውም በበረሃ ፀሐይ። ትልልቆቹ ሞገዶች የሚበዙት በታችኛው ግማሽ ነው።

ወሩን በተመለከተ እኔ ሜይን እና ሴፕቴምበርን እወዳለሁ። ጁን ደረቅና እሳት ነው፤ ካንየኑ ውስጥ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ይመጣል። ከጎን ሸለቆዎች ደራሽ ውሃ ይወርዳል፣ ወንዙም እንደ ክረምት አባይ ይደፈርሳል።

ራፒድ የምንለው፣ ውሃው አረፋ እየደፈቀ የሚገለባበጥበት ቦታ፣ የሚፈጠረውም በዚሁ ደራሽ ነው። ጎርፉ ከጎን ሸለቆ ድንጋይ ጠርጎ ያመጣና ወንዙ ላይ ይከምረዋል። ውሃው በጠበበው በር ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ይነሳል። ክሪስታል የሚባለው ራፒድ አሁን ያለውን አስፈሪ መልክ የያዘው በዲሴምበር 1966 በወረደ አንድ ጎርፍ ነው። እዚህ ወንዝ ላይ ራፒድ የሚለካው ከ1 እስከ 10 ነው። ሌላ አገር የለመዳችሁት ከ1 እስከ 6 ከሆነ እንዳትደናገጡ።

በነገራችን ላይ ይህ ሙያ ከአገራችን ወንዞች ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ሪቻርድ ባንግስ የተባለው አሜሪካዊ በኮሎራዶ ላይ ጋይድ ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1973 ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ኦሞን በጎማ ጀልባ ወርዷል። ፓስኳሌ ስካቱሮ እና ጎርደን ብራውን ደግሞ ከአባይ ምንጭ ተነስተው በኤፕሪል 2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የአባይን በረሃ ያቋረጠ ሰው ግራንድ ካንየን ውስጥ ሲገባ ሙቀቱም የድንጋዩ ድርብርብም አዲስ አይሆንበትም።

ቅጹን በእውነት ሙሉ

ገንዘብ እንደከፈላችሁ የጤና ቅጽ ይልኩላችኋል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ አለርጂ፣ የወገብ ችግር፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ዋና መቻል አለመቻላችሁ፣ ሁሉም ይጠየቃል። እኛ ደግሞ በሽታ መደበቅ እንወዳለን። «ይከለክሉኛል» ብሎ ስኳሩን ያልጻፈ ዘመድ አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሐኪም ቤት ለመድረስ ሄሊኮፕተር መጠበቅ ግድ በሆነበት ቦታ፣ የጋይዱ መረጃ ሕይወት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጻፋችሁ ተብሎ አትከለከሉም፤ ይልቅ ያዘጋጁላችኋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ቅዝቃዜው እንዴት እንደሚጠበቅ ከወራት በፊት ይነጋገሩበታል።

የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አንዳንዱ ኪኒን ሽንት ያበዛል፤ በዚያ ሙቀት ሰውነት ቶሎ ይደርቃል። መድኃኒታችሁን ሁለት እጥፍ ያዙ፣ ሁለት ቦታ ከፍላችሁ። አንዱ ከእናንተ ጋር፣ ሌላው በሌላ ጀልባ ላይ በጋይዱ እጅ። አንድ ጀልባ ቢገለበጥ አንዱ ይተርፋል።

የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ ከዱር በሄሊኮፕተር ማውጣትን እንደሚሸፍን አንብባችሁ እዩ። ስትሰርዙ ስንት እንደሚመለስም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ውሃውን መልመድ፦ ከስድስት ወር በፊት

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ይህንን ተረት የተረዳሁት የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ነው።

ዋና ሳትችሉም መውረድ ትችላላችሁ፤ ላይፍ ጃኬቱ ያንሳፍፋችኋል። ውሃን የሚፈራ ሰው ግን ሲወድቅ የሚጎዳው ድንጋጤው ነው። ስለዚህ በአካባቢያችሁ ባለ የሕዝብ መዋኛ ወይም ዋይ.ኤም.ሲ.ኤ ለጀማሪ አዋቂዎች የሚሰጥ ትምህርት ውስጥ ግቡ። እኔ በአርባ ዓመቴ ስጀምር ከጎኔ የስልሳ ዓመት እናቶች ነበሩ። ማንም ማንንም አላየም።

ስታይል መማር ግዴታ አይደለም። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በአፍንጫ አየር ማስወጣት። ሁለተኛ፣ በጀርባ ተንጋሎ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ መንሳፈፍ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ተገልብጦ በሆድ ሃያ ሜትር ያህል በሙሉ ጉልበት መዋኘት። መዋኛው ከፈቀደ ላይፍ ጃኬት አድርጋችሁ ተለማመዱት። ጃኬቱ ሲያነሳችሁ ሰውነታችሁ አንዴ ካወቀው በኋላ ፍርሃቱ በግማሽ ይቀላል።

ቅዝቃዜውም ልምምድ ይፈልጋል። የኮሎራዶ ውሃ የሚለቀቀው ከግሌን ካንየን ግድብ ጥልቀት ስለሆነ፣ ውጭው እሳት ሆኖ እንኳ ውሃው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ብቻ ነው። ከግድቡ በስተኋላ ያለው ሐይቅ ሲቀንስ ቅዝቃዜው ለቀቅ ይላል፤ እሱን ተስፋ አድርጋችሁ ግን አትሂዱ። ቤታችሁ ሻወር መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛውን ክፈቱና ከሥሩ ቁሙ። ሳንባችሁ አየር ልዋጥ ብሎ ሲዘል፣ እናንተ በአፋችሁ ረጅም ትንፋሽ አውጡ። «ፉ...» እያላችሁ። ሰላሳ ሰከንድ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ። ወንዙ ውስጥ የሚያድናችሁ ይህቺው ትንፋሽ ናት።

ለጉልበት ብዙ አልቀባጥርም። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ። ሚዛን ላይ አተኩሩ፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ጎማ ላይ ስትወጡና ስትወርዱ ነው የምትውሉት። በዚህ ጉዞ ብዙ ሰው የሚጎዳው ዳር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ነው። የምትሄዱበትን ሰንደል ከወራት በፊት ገዝታችሁ በእሱ ተራመዱ።

ልብስና ዕቃ

ችግሩ ሁለት ወቅት በአንድ ቀን መኖሩ ነው። ጠዋት ጥላ ውስጥ በበረዶ ውሃ ትረጠባላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ያቃጥላል።

ለጠዋቱ ውሃ የማያሳልፍ ጃኬትና ሱሪ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም። አንገቱና እጅጌው የሚጠብቅ ይሁን። ከሥሩ ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወይም ሱፍ። በጋ ነው ብላችሁ አትተዉት። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሱሪውን ትቼ ሄጄ ሦስት ጠዋት በተከታታይ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነበር።

ለከሰዓቱ ጥጥ ጥሩ ነው። ሌላ ቦታ ተራራ ላይ ጥጥ አትልበሱ ይባላል። እዚህ ግን በሙቀቱ ሰዓት እርጥብ ጥጥ ያቀዘቅዛል። ሁለተኛው ጉዞ ላይ አንድ ያረጀ ነጠላ ይዤ ሄድኩ። ወንዙ ውስጥ ነከር አድርጌ፣ ጨመቅ አድርጌ፣ ከባርኔጣዬ ላይ እስከ ትከሻዬ ጣል አደረግሁት። ነፋሱ በሳሳው ጨርቅ ውስጥ ሲያልፍ ሰውነቴ ወዲያው በረደ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረቀ፣ መልሼ ነከርኩት። በሦስተኛው ቀን ጋይዷ «ያንን ጨርቅ የት ነው የሚሸጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥለት ያለውን አዲስ ነጠላ አትውሰዱ፤ በደለሉ ቀለሙ ይለወጣል። ጀልባው ራፒድ ውስጥ ሲገባም አውልቃችሁ አስቀምጡት፤ ላይ የሚንዘላዘል ጨርቅ ይጠለፋል።

ሰንደሉ ከተረከዝ በኩል ማሰሪያ ይኑረው። ነጠላ ጫማ ውሃው ይወስደዋል። ለካምፕና ለእግር ጉዞ ሌላ ደረቅ ጫማ ያዙ። ሰፊ ባርኔጣና መነጽር ሁለቱም ማሰሪያ ይፈልጋሉ። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ትርፍ ያዙ። ረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ ሰንስክሪን፣ የከንፈር ቅባት፣ የራስ ባትሪ፣ ትርፍ የባትሪ ድንጋይ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ከካሜራነት ሌላ አያገለግልም።

አየሩ ደረቅ ስለሆነ እጅና እግር ይሰነጠቃል። ማታ ማታ እግራችሁን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ቫዝሊን ወይም ወፍራም ቅባት ቀብታችሁ ካልሲ አድርጉ። ይህንን ያልሠራ ሰው በአራተኛው ቀን ማነከስ ይጀምራል። ፀጉራችሁ ረጅም የሆነ ሴቶች ከመነሳታችሁ በፊት ሹሩባ ተሠሩ፤ አሸዋው ከተለቀቀ ፀጉር ውስጥ አይወጣም። ለሌሊት ሻሽ ያዙ።

ውሃ የማያስገባውን ከረጢት ድርጅቱ ይሰጣችኋል። አንዱ ትልቅ ነው፤ ልብስና መኝታ ይገባበታል፣ ቀን ላይ ታስሮ ስለሚውል አይከፈትም። ሌላው ትንሽ ነው፤ ዝናብ ልብስ፣ ሰንስክሪን፣ መክሰስ ይይዛል። አፉን ስትዘጉ አየሩን አስወጡና ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጠቅልሉት። ቤታችሁ ሞልታችሁ ገንዳ ውስጥ ብትደፍቁት አይቆጫችሁም። ወርቅ፣ የጋብቻ ቀለበት፣ የመኪና ቁልፍ ቤት ይቅር ወይም ለጋይዱ ይሰጥ።

ምግብ፣ ጾም፣ ውሃ

ምግቡን ጋይዶቹ ያበስላሉ፤ ጥሩ አድርገው ነው የሚያበስሉት። የሚገዛው ግን ከጉዞው በፊት ስለሆነ ልዩ ነገር ካላችሁ ቅጹ ላይ ይጻፍ። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ የጉዞ ወቅት መሐል ላይ ይውላል። «ጾም» ብላችሁ ብትጽፉ አይገባቸውም። «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል አልበላም» ብላችሁ አንድ በአንድ ዘርዝሩ። ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን አስቡበት። በዚያ ፀሐይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል አደገኛ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የነፍስ አባታችሁን አማክሩ። ሐላል ሥጋ የምትፈልጉም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተገኘ አትክልትና ዓሣ ያዘጋጃሉ።

የአባይ ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው በትክክል እዚህ ይደርሳል። ውሃ ላይ ተቀምጦ ሰው ይደርቃል፤ ላቡ ወዲያው ስለሚተን ማላቡን አያውቀውም። በበጋ በቀን አራት ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ጋይዶቹ የወንዙን ውሃ አጣርተው ያቀርባሉ። ጨው ያለው ነገር ሳይበሉ ውሃ ብቻ መጠጣትም ራሱን የቻለ በሽታ ያመጣል። ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ይከተላል። ለዚህ የኛን ቆሎ የሚያህል የለም። ጨው ነስነስ ያለበት ገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር በትንንሽ ዚፕ ከረጢት ከፋፍላችሁ ያዙ። በሶም እንደዚሁ፤ በጠርሙስ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። ለጀልባው ሁሉ ነው ያካፈልኩት።

ቡና በትልቅ ማንቆርቆሪያ አፍልተው ጠዋት ያቀርባሉ። ጀበና ሸክላ ስለሆነ ይሰበራል፣ ተዉት። የተቆላና የተፈጨ ቡና ግን ይዛችሁ ብትሄዱና አንድ ጠዋት «ዛሬ የኔን አፍሉ» ብትሉ ማንም እምቢ አይላችሁም።

ወንዙ ዳር፦ ላይፍ ጃኬትና ብትወድቁ

ሊስ ፌሪ ስትደርሱ ጃኬት ይሰጣችኋል። ጋይዱ ማሰሪያውን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያጠብቃል፤ ከዚያ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል። ጃኬቱ ወደ ጆሯችሁ ከወጣ ልቅ ነው። ትንሽ የሚያፍን እስኪመስል ይጥበቅ። ከረጠበ በኋላ ስለሚላላ ከምሳ በኋላ መልሳችሁ አጥብቁ። ጀልባ ላይ እስካላችሁ አይወልቅም።

አሁን የኔን ልንገራችሁ። ማይል 17 ላይ ሃውስ ሮክ የሚባል ራፒድ አለ። ከፊት ተቀምጫለሁ። ጋይዱ «በሁለት እጅ ያዙ!» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ አንዱ እጄ ላይ ካሜራ ነበረ። ሞገዱ ከግራ መጣ፤ አረንጓዴ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ የማስታውሰው ጨለማና ቅዝቃዜ ነው። ደረቴ ተቆለፈ። ልጮህ አፌን ስከፍት ውሃ ዋጥኩ። ላይ ስወጣ ሁለተኛው ሞገድ ፊቴ ላይ አረፈ። ጋይዱ በእጁ ወደ ራሱ ጀልባ እያመለከተ «ዋኝ!» ይላል፤ እኔ ቆሜ መራመድ ነው የፈለግሁት። አንዲት ተሳፋሪ ሴትዮ የጃኬቴን ትከሻ ይዛ ወደ ኋላዋ ስትወድቅ፣ እኔም አብሬ ጀልባው ውስጥ ወደቅሁ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም አሉኝ። ጋይዶቹ ጠዋት ላይ ነግረውን ነበር። እኔ እያዳመጥኩ አልነበረም፤ ስለ ፎቶ እያሰብኩ ነበር።

ስለዚህ ይህንን ከወንዙ በፊት በቃላችሁ ያዙት። ስትወድቁ በመጀመሪያ አየር አውጡ፣ ያቺን የሻወሯን «ፉ» አስታውሱ። በጀርባችሁ ተንጋሉ፤ እግር ወደ ታችኛው ወራጅ፣ ጉልበት በትንሹ ታጥፎ፣ የእግራችሁ ጣት ውሃው ላይ ይታያችሁ። ድንጋይ ከመጣ በእግራችሁ ትገፉታላችሁ። በሚወርድ ውሃ ውስጥ በፍጹም ለመቆም አትሞክሩ። እግር ድንጋይ መሐል ከተሰካ ወራጁ ገፍቶ ፊትን ይደፋዋል። የሚቆመው ቂጣችሁ መሬት ሲነካ ብቻ ነው።

ሞገዱ ፊታችሁ ላይ ሲመጣ ትንፋሽ ያዙ፤ በሁለት ሞገድ መሐል ባለው ጎድጓዳ ተንፍሱ። ከዚያ ጋይዱን ፈልጉ። ጋይድ በእጁ የሚያመለክተው ሁልጊዜ መሄድ ያለባችሁን አቅጣጫ ነው፤ አደጋውን አያመለክትም። «ዋኝ» ካለ በሆዳችሁ ተገልብጣችሁ በሙሉ ጉልበት ዋኙ። ደህና መሆናችሁን ለመንገር እጃችሁን አናታችሁ ላይ መታ መታ አድርጉ።

ከጀልባው ሥር ከገባችሁ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ ወለሉን እየዳበሳችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሂዱ። ወዲያና ወዲህ አትበሉ። ገመድ ከተወረወረላችሁ ገመዱን ያዙ፣ ደረታችሁ ላይ አድርጉና በትከሻችሁ በኩል አሳልፉት፤ በጀርባችሁ እንደተንጋለላችሁ ይሳቧችሁ። እጅ ላይ መጠምጠም ክልክል ነው። ጀልባው ላይ ስትይዙም እንደዚሁ፦ ጨብጡ እንጂ አትጠምጥሙ፣ ራሳችሁንም አትሰሩ።

ሌላውን ስታወጡ የምትይዙት የጃኬቱን ሁለት ትከሻ ነው። ጉልበታችሁን ጎማው ላይ አስደግፉና በክብደታችሁ ወደ ኋላ ውደቁ። ያቺ ሴትዮ ከኔ በጣም ታንስ ነበር። ጀልባው ድንጋይ ላይ ተለጥፎ አንድ ጎኑ ሲነሳ ጋይዱ «ሃይ ሳይድ!» ይላል። ያኔ ሁሉም ወደ ተነሳው፣ ድንጋዩ ወዳለበት ጎን ይዘላል። ሰው በደመ ነፍስ የሚሸሸው ከድንጋዩ ነው፤ ጀልባውን የሚገለብጠው ያ ነው። የምትቀዝፉ ከሆነ የመቅዘፊያችሁን ጫፍ እጃችሁ አይልቀቀው፤ የጎረቤታችሁን ጥርስ የሚሰብረው የተለቀቀ ጫፍ ነው።

ካምፕ

ማታ ዕቃው የሚወርደው በደቦ ነው። ሁሉም ከጀልባው እስከ አሸዋው ተሰልፎ ከረጢቱን ይቀባበላል። ወገባችሁን ጠብቁ፣ አትወርውሩ።

ስለ መጸዳጃ ብዙ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፤ እኔ ልንገራችሁ። ከላይ መቀመጫ ያለው የብረት ሣጥን ከካምፑ ራቅ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ እይታ ያለው ቦታ ላይ ይቀመጣል። «ግሩቨር» ይሉታል፤ ድሮ መቀመጫ ሳይኖረው የጥይት ሣጥኑ ቂጥ ላይ መስመር ይተው ስለነበር ነው። ሁሉም ነገር ታሽጎ ከካንየኑ ይወጣል። ሽንት ግን ወንዙ ውስጥ ነው። እኛ ወንዝ ውስጥ መሽናት ነውር ነው ብለን አድገናል፤ እዚህ ተቃራኒው ነው ሕጉ። የሚያድሩበት አሸዋ ጥቂት ነው፣ ዝናቡ ትንሽ ነው፣ አሸዋው ላይ የተሸና ሁሉ እዚያው ይከረፋል። ልማዱ ሴቶች ወደ ላይኛው፣ ወንዶች ወደ ታችኛው ወራጅ መሄድ ነው። ነጠላው እዚህም ለመከለያ ይጠቅማል። በሳሙና መታጠብም በዋናው ወንዝ ብቻ ነው፤ ከጎን የሚገቡት ንጹሕ ጅረቶች ውስጥ ሳሙና አይገባም።

የእህል ፍርፋሪ መሬት ላይ አትጣሉ፤ ቀይ ጉንዳን ይመጣል፣ መነደፉ ደግሞ ያማል። ቁራው ዚፕ ሳይቀር ይከፍታል፤ ቆሏችሁን ዝጉ።

ስትተኙ ከውሃው ጠርዝ ከፍ በሉ። ግድቡ ውሃ የሚለቀው እንደ ኤሌክትሪክ ፍላጎት ስለሆነ፣ ዝናብ ሳይዘንብም ወንዙ በሌሊት ይሞላል። የደረቀ የጎርፍ መንገድ ውስጥም አትተኙ። በበጋ ብዙ ሰው ድንኳን ትቶ ታጣፊ አልጋ ላይ ሰማይ ሥር ይተኛል። ጫማችሁን አልጋው ሥር ከማስገባት አልጋው ላይ፣ እግርጌ አድርጉት። ጊንጥ አለ። ጠዋት «ቡና!» የሚል ጥሪ ስትሰሙ፣ ጫማውን ደፍታችሁ አራግፉና አድርጉ።